የአያቴን የአርበኝነት ዘመን ደብዳቤዎች በየቀናቸው ላውጣ ብዬ ቀኑ አስቸገረኝ

የሳጥኑ ባለቤት፦
ሰላም ወገኖች። እናቴ ያቆየችው ሳጥን ውስጥ የወንድ አያቴ ወረቀቶች አሉ። በጣሊያን ጊዜ ቡልጋ ውስጥ ከራስ አበበ አረጋይ ሰዎች ጋር ነበሩ። አብዛኛው ለሴት አያቴ የላኩት ደብዳቤ ነው። ከጓደኞቻቸው የመጣም አለ። የስንቅና የጥይት ሒሳብ የሰፈረበት አንድ ደብተርም አለ። በጠቅላላው 40 ገደማ ይሆናል፣ ከ1929 እስከ 1933።

ሐሳቤ እያንዳንዱን በተጻፈበት ቀን፣ በ90ኛ ዓመቱ ለሰው ማካፈል ነው። የጥቅምት 1929ኙ በጥቅምት 2019 ይወጣል። እንዲህ እያለ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 2023 ይሄዳል። ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ግን በአንድ ሳምንት ዘርግፌ፣ ባንዲራና ዋሽንት ጨምሬበት እንዲረሳ አልፈልግም። አንባቢው ቀጣዩ ደብዳቤ ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ እንዲቆይ ነው የምፈልገው። ሴት አያቴም የቆየችው እንደዚያው ነው።

ያስቸገሩኝን ልንገራችሁ። ከ1930 ክረምት ጀምሮ ለወራት አንድም ወረቀት የለም። ይህን ክፍተት በምን ልሙላው? ሁለተኛ፣ አንዳንዱ ዓመተ ምሕረት የለውም፤ «ሐምሌ፣ በዘመነ ዮሐንስ» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው ደግሞ አንዱን ጎረቤት በስሙ ጠርቶ ባንዳ ነው የሚል ደብዳቤ ነው። የሰውየው የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ፣ ሰርግና ለቅሶ እንገናኛለን።

ከሁሉ የምወደው በእርሳስ የተጻፈው ነው። ፊቱ ከጣሊያን አውሮፕላን የተበተነ ጽሑፍ ነው፤ መሣሪያህን አስረክበህ ግባ፣ ምሕረት አለህ ይላል። አያቴ በጀርባው ጨውና በርበሬ ላኪልኝ ብለውበታል። ወረቀት አጥተው ይሁን ለቀልድ፣ እንጃ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ከቀኑ እንጀምር። በሐበሻው ቀን ሂጂ፣ የፈረንጁን ተዪው። ሁለቱን ካደባለቅሽ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወዲህ፣ አንድ ቀን ወዲያ ስትይ ትኖሪያለሽ። ዓድዋን አስቢው። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ ማርች 1 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ጦርነቱ አልተንቀሳቀሰም፣ አቆጣጠሩ ነው የተንሸራተተው።

በሐበሻውም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለ። 90 ለአራት እኩል አይካፈልም። ስለዚህ ያኔ ጳጉሜን 6 የነበረችበት ዓመት ዛሬ ከጳጉሜን 6 ጋር አይገጥምም። 1931 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ነበረው። 2021 ግን ዘመነ ማቴዎስ ነው፣ በጳጉሜን 5 ያልቃል። በዚያች ቀን የተጻፈ ነገር ካለሽ ካሁኑ ቦታ ፈልጊለት።

ወንጌላዊው ግን ረዳትሽ ነው። በአርበኝነቱ ዘመን ማርቆስ 1930 ብቻ ነው፣ ሉቃስም 1931 ብቻ። ማቴዎስ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ 1929 እና 1933። ዮሐንስም እንዲሁ፣ 1928 እና 1932። ስለዚህ «ሐምሌ በዘመነ ዮሐንስ» የሚለውን ከውስጡ ነው የምትለይው። በሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሞክረዋል፣ አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉትም በዚያው ወር ነው። በሐምሌ 1932 ደግሞ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገባች ወር አልፏታል፣ ጃንሆይም ካርቱም ናቸው። የወሬው ጠረን ይነግርሻል።

መዝገብ ቤት፦
እህቴ፣ ማካፈሉ ይቆይና መጀመሪያ ወረቀቱን አድኚ። እባክሽ ላሚኔት እንዳታስደርጊ! አንዴ ከተለጠፈ የሚመልሰው የለም። የተቀደደውንም በስኮች አታጣብቂ፣ ሙጫው ቆይቶ ወረቀቱን ቡኒ ያደርገዋል። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሺ። ባዶ ጀርባም ቢሆን አንሺው። የእርሳሱ ጽሑፍ ካልታየሽ ብርሃኑን ከጎን አድርጊው።

ስትገለብጪ ፊደሉን አታርሚ። ሀ እና ሐ ቢቀላቀሉ ተዪአቸው። የእጅ ጽሑፉንም አስተያዪ፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ለጸሐፊ እየነገረ ነበር የሚያስጽፈው። ሁለት ዓይነት እጅ ካገኘሽ የትኛው የአያትሽ እንደሆነ ለአንባቢው ንገሪው።

ክፍተቱን በተመለከተ፦ በዘመኑ በታተመ ነገር ሙዪው። የጣሊያን መንግሥት በአማርኛ ያሳትመው የነበረ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል ጋዜጣ አለ። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከካርቱም «ባንዲራችን» ይታተም ነበር። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄደሽ ጠይቂ። የጠላትን ጋዜጣ ከአያትሽ ደብዳቤ ጎን ማንበብ ራሱ ትምህርት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ቡልጋ ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው «ባንዲራችን»ን አንብቧል ማለት አይደለም። ዝም ባሉበት ወር ዝም ይባል። «በዚህ ወር ደብዳቤ የለም» ብላ በወሩ መጀመሪያ ትጻፍ፣ በቃ። ማብራሪያም ስትጽፍ ያን ቀን ያልታወቀውን አታስገባ። የመጋቢት 1930 ደብዳቤ ግርጌ ጃንሆይ በ1933 ይመለሳሉ ብላ ከጻፈች ጨዋታው ፈረሰ።

ነገረ ፈጅ፦
በሕጉ በኩል ትንሽ ልበል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አያትሽ መቼ እንዳረፉ እዪ። ሳጥኑ ያንቺ ቢሆንም ጓደኞቻቸው የጻፉት የጓደኞቻቸው ነው፣ የየራሳቸውን ቀን ቁጠሪ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳያወጣ ይከለክላል።

የጎረቤቱ ጉዳይ ግን ከሕግም በላይ ነው። ቀን ከጣሊያን ጋር እየዋለ ሌሊት ለአርበኛ ወሬና ጥይት የሚያቀብል የውስጥ አርበኛ ሞልቶ ነበር። ጫካ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። እኔ ብሆን ስሙን «እገሌ» ብዬ፣ መሸፈኔንም በግልጽ ጽፌ አወጣው ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ቤተሰቡን ሄጄ አናግራለሁ። የነሱም ሳጥን ውስጥ ወረቀት ይኖር ይሆናል።

የሳጥኑ ባለቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ! የዮሐንሱን አሁን አውጥቼ አየሁት። «ጃንሆይ ከሱዳን ጠረፍ ደረሱ ይላሉ» የሚል አለበት። ስለዚህ 1932 ነው፣ በሐምሌ 2022 ይወጣል ማለት ነው።

በዝምታው ከመምህሩ ጋር ነኝ። ጋዜጣው ደስ ይላል፣ ግን ከደብዳቤው ካደባለቅሁት ጋዜጣው ይበዛና አያቴ ይጠፋሉ። የመጋቢት 1929ኙ ስለ የካቲት 12 ያለው «የከተማውን ሰምቻለሁ፣ ልጆቹን ከደጅ አታውጪ» ብቻ ነው። ከዚህ በታች ምን ማብራሪያ ይጻፋል? ቀኑን ካወቀ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

ለጎረቤቱ ቤተሰብ እኔ ብቻዬን ብሄድ ነገር ፍለጋ ይመስላል። ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ፣ እሷን ያከብሯታል። እስከዚያ ያ ደብዳቤ ይቆያል። ጥያቄ ለመዝገብ ቤት፦ የሒሳቡ ደብተር ስፌቱ ላልቷል። ፈትቼ ገጽ በገጽ ላንሳው ወይስ እንዳለ?

መዝገብ ቤት፦
እንዳትፈቺው! የገጾቹ ቅደም ተከተል ከጠፋ ቀኑም ይጠፋል። ከግማሽ በላይ ሳትከፍቺ፣ ሽፋኑን በትራስ ደግፈሽ አንሺው። ገጹን በእርሳስ፣ በጥጉ ላይ፣ በስሱ ቁጠሪ።