የላይብረሪ የክረምት ፕሮግራም፦ ልጆቹን በስንት ሰዓት ልጥራቸው?

ላይብረሪያኗ (መንዝ)፦ እንደምን ሰነበታችሁ። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልጆች የክረምት ፕሮግራም ጀምሪ ተብያለሁ። በጀት የለም። ያለኝ አንድ ክፍል፣ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አምና ሞክሬው ነበር። "ዘወትር ከቀኑ 8 ሰዓት የተረት ጊዜ" ብዬ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ቀን 30 የሚሆኑ ልጆች መጡ። "ተረት ተረት" ብዬ ገና "የላም በረት" ሳይሉኝ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። እየጮኽኩ ጨረስኩት። በሳምንቱ 6 ልጅ መጣ። ነሐሴ ላይ ማንም የለም። ዘንድሮ ምን ላድርግ?

መምህርት ነኝ (ደብረ ብርሃን)፦ እህቴ፣ የተረቱ ጥፋት አይደለም፣ የሰዓቱ ነው። የደጋ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት ነው። ተረቱን፣ ንባቡን፣ እንቆቅልሹን ጠዋት ከ3 እስከ 5 አድርጊው። ከሰዓት ዝናቡ እንደፈለገ ይጩኽ፣ አንቺ የእጅ ሥራ ስጫቸው።

ለትንንሾቹ የብስኩት ካርቶን ቆራርጪ። 33ቱ ፊደል በ7 ቤት 231 ካርድ ይወጣዋል። በውዝሽ አከፋፍያቸው፣ እንደ ካርታ ይጫወቱት። ብዙ ልጅ ፊደል እንደ ዘፈን ይወርዳል። "ኬ"ን ብቻዋን ስታሳዪው ግን በጣቱ "ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ" ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። እኔ ክፍል 3ኛ ደርሰው እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። ካርዱ ይህን ልማድ ያስጥላቸዋል።

የእረኛ ልጅ (አሁን አዲስ አበባ)፦ ጠዋት ያላችሁት ለከተማው ልጅ ነው። የገጠሩ ጠዋት በግ ይዞ ይወጣል። እኔም በርኖስ ደርቤ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት፣ ላይብረሪ የምትባል ነገር በሩቁ ነበር የማውቃት። ልጁ ካልመጣ መጽሐፉ ይሂድለት። በገበያ ቀን እናቱ ወይ አባቱ ከተማ መግባታቸው አይቀርም። ያኔ አውሺ፣ በሚቀጥለው ገበያ ይመልሱ። በፌስታል መጠቅለል እንዳትረሺ።

ላይብረሪያኗ፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማዋስ እፈራለሁ። መጽሐፉ ሁሉ በስሜ ነው የተመዘገበው። ከጠፋ ከደሞዜ ነው።

የእረኛ ልጅ፦ እሱስ ልክ ነሽ። እንግዲያው ከተመዘገበው አትንኪ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ አለ። በነፃ የሚወርዱና የሚታተሙ አጫጭር የልጆች ታሪኮች አሉት፣ በአማርኛም አለ። አትመሽ በስፌት ሽቦ ያዢው። ቢጠፋ ወረቀት ነው፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ሰላ ድንጋይ፦ ልጄ፣ ነሐሴ ላይ ለምን እንደጠፉብሽ ማንም አልነገረሽም እንዴ? ፍልሰታ ነዋ! ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾማሉ። አንቺ በ8 ሰዓት ስትጠሪያቸው እነሱ ቅዳሴ ላይ ናቸው። በእነዚያ 15 ቀናት የከሰዓቱን ተዪው፣ ጠዋቱን ብቻ ያዢ። ደግሞ ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ወንዶቹ ሳምንቱን ሙሉ ሆያ ሆዬ ሲለማመዱ ነው የሚሰነብቱት። ከልክለሽ አትችያቸውም፣ ስለዚህ ግጥሙን ከአያቶቻቸው ጠይቀው በደብተር ጽፈው ያምጡልሽ። አንዱ ያመጣውን ሌላው ያንብበው። የየቀበሌው ግጥም ስለሚለያይ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው።

ላይብረሪያኗ፦ አባቴ፣ እኔም እኮ በዚያው ሰዓት ቁልፍ ይዤ እነሱን እየጠበቅኩ ቅዳሴ ያመለጠኝ ቀን ነበር! እንዴት እንዳላሰብኩት።

ቆላማው (ሸዋ ሮቢት)፦ የእናንተ ሰዓት እኛ ጋ አይሠራም 😄 እኛ በ2 ሰዓት ጀምረን 5 ሳይሞላ እንበትናለን። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ራሱ ይጋግራል።

ጥገና፦ አሮጌው ኮምፒውተር አይናቅ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የአማርኛውን ዊኪፔዲያ አንዴ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አውርደሽ በፍላሽ አምጪው፣ ከዚያ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል። አንድ ልጅ ይፈልግ፣ ሌላው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ የቀሩት ይጻፉ። መብራት ሲጠፋ ካርቶኑ አለልሽ።

ላይብረሪያኗ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ተረትና ንባብ፣ ከሰዓት ካርድና ስዕል፣ በፍልሰታ ጠዋት ብቻ፣ በገበያ ቀን ውሰት። ማስታወቂያውን በላስቲክ ሸፍኜ እለጥፋለሁ፣ የአምናውን ዝናብ አጥቦት ነበር። አንድ የቀረኝ፦ ጭቃውስ? መጽሐፍ ቢረጥብስ?

መምህርት ነኝ፦ በር ላይ ጆንያ አንጥፊ፣ ጫማቸውን አውልቀው ይግቡ። ብርድ ስለሆነ መቀመጫው ላይ የቆየ ባና ካገኘሽ ጥሩ ነው። የረጠበ መጽሐፍ እሳት አጠገብም ፀሐይ ላይም አታስጪ፣ ይጣመማል። በየጥቂት ገጹ መሐል ንጹሕ ወረቀት አስገብተሽ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቁሚው። ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ርጥብ ሆኖ ከቆየ ይሻግታል።