የካሴት ዘፈኖቼ ተበላሹብኝ፣ ፎርማት ላድርገው?

የማርቆሷ፦ ሰላም ናችሁ? የአባቴን የድሮ የሠርግና የማሲንቆ ካሴቶች አምና ቁጭ ብዬ ወደ ኤምፒስሪ ገልብጬ ነበር። ትናንት ማታ ከቤቱ ኮምፒውተር ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሳሻግራቸው መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ብከፍተው ግማሾቹ ዜሮ ኪሎባይት ይላሉ፣ ሌሎቹ ደህና ይጀምሩና መሀል ላይ ተንቋርረው ይቆማሉ። ደግሞ ኮፒ ሳይሆን ከት ነው ያደረግሁት፣ አትስደቡኝ። ፎርማት አድርጊው ያለኝ ሰው አለ።

የጮቄ ልጅ፦ እህቴ በማርያም ፎርማት እንዳታደርጊ! ኮምፒውተሩም ዲስኩም ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጫኚ፣ ፊልምም አታውርጂ። ከት ስታደርጊ ዊንዶውስ መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ከዚያ ዋናውን ይሰርዛል፤ የተሰረዘው ደግሞ ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ነው ያለው። ሬኩቫ የሚባለውን የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ አውርጂና ከፍላሽ አስነሺው፣ ያገኘውንም ፍላሹ ላይ አስቀምጪ። ይሄ ግን ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለት የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት፣ ከሆነ የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳው ብዙ ተስፋ የለውም።

ቡሬ፦ ሳይዛቸውንም እዪ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ዘፈን ለደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የ6 ደቂቃው 2 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ተቆርጦ ነው የቀረው፣ ምንም አይጠገን። ሙሉ ሆኖ መሀል ላይ ከተንቋረረ ግን ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ሞክሪው፤ ኤምፒስሪ በጥቃቅን ቁርጥራጭ የተሠራ ስለሆነ የተበላሸውን ዘሎ ሊቀጥል ይችላል። የሚጫወቱትን ቶሎ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ። ኮፒ ነው ያልኩት ሃሃ።

ዳሞት፦ ምን ያደክማችኋል፣ ዲስኩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ። አለቀ።

የጮቄ ልጅ፦ ወንድሜ እሱ መጨረሻ ላይ ነው። ቼክ የሚያስተካክለው የዲስኩን መዝገብ እንጂ ዘፈኑን አይደለም፤ እንዲያውም ቁርጥራጩን ስም አሳጥቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሊከትባት ይችላል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንኪው፣ ንቀዪው።

የማርቆሷ፦ ድምፅ የለውም። ኮምፒውተሩም አሮጌ ነው፣ ሃርድ ዲስክ። ሬኩቫ 41 ዘፈን አወጣልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! 9ኙ ግን አልተገኙም።

ቡሬ፦ ካሴቶቹስ?

የማርቆሷ፦ ካሴቶቹማ ቆጥ ላይ አሉ። ቴፑ ነው የተሰበረው።

ዳሞት፦ ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት አንድ ቴፕ አለ። ቀበቶው ስለላላ ዘፋኙን ሁሉ ሰካራም ያስመስለዋል። ቀበቶውን ካስቀየርሽለት መጥተሽ ውሰጂው።