ጊታር፦ ኤፍ ኮርድ አልወጣ ብሎኛል፣ ነገ ማታ እጫወታለሁ!

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ጥርት ብለው ይወጣሉ። ኤፍ ላይ ስደርስ ሁለተኛዋ ክር (ከቀጭኗ ስንቆጥር) ድፍን ትላለች፣ አንደኛዋ ዝዝ ትላለች። ስድስቱንም ክሮች በአመልካች ጣቴ ባለ በሌለ ኃይሌ ነው የምጫነው። አሁን አውራ ጣቴ ሥር ያመኝ ጀምሯል። ነገ ዘፋኝ አጅባለሁ፣ ምን ላድርግ?

የድሮ ተጫዋች፦ ወንድሜ፣ ኤፍ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ከመሠረቱ ጀምር። ጀርባህን ቀና አድርግ፣ የጊታሩን አንገት ከፍ አድርገህ ያዝ። አንገቱ ወደ መሬት ካዘነበለ የእጅህ አንጓ ይታጠፋል፤ አንጓው የታጠፈ እጅ ደግሞ ጣቱ አቅም የለውም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተለማመድ።

ቀጭኗ ክር፦ አመልካች ጣትህን በሆዱ ሳይሆን ወደ አውራ ጣት በሚያየው ጎኑ አሳርፈው፣ እዚያ ሥጋው ስስ ነው። የፍሬቱ ብረት (አንገቱን በክፍል በክፍል የሚለየው ዘንግ) ላይ ሳትወጣ ጥግ ጥጉን ያዝ።

ሳቂታው፦ ትርፍ ጣት ያለው ካለ ለነገ ያበድረው!

ባለ ካፖ፦ ጣትህን በጎኑ አዙረው። ለእኔ የሠራው እሱ ነው።

ስድስት ክር፦ ቆይ፣ ስድስቱንም ተጫን ያለህ ማነው? ሦስተኛዋን ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ መሃል ጣትህ ይዟታል። አምስተኛዋንና አራተኛዋን ሦስተኛ ፍሬት ላይ የቀለበት ጣትህና ትንሿ ጣትህ ይዘዋቸዋል። ለአመልካች ጣትህ የሚቀሩት ስድስተኛዋ፣ ሁለተኛዋና አንደኛዋ ብቻ ናቸው፤ መሃሉን አላላው። ሁለተኛዋ ድፍን የምትለው የጣትህ መታጠፊያ ላይ ገብታ ይሆናል። ጣትህን ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ግፋውና ክር በክር እየነካህ ስማ። በአውራ ጣትህ አትጨብጥ፣ በክንድህ ክብደት ወደ ኋላ ሳብ።

ጠያቂ፦ ሁለተኛዋ ወጣች!! አንደኛዋ ግን አሁንም ዝዝ ትላለች።

የእንጨት ሰው፦ ይህንኑ ቅርጽ አምስተኛ ፍሬት ላይ ያዘው። እዚያ በቀላሉ ከወጣ ጥፋቱ የጣትህ ላይሆን ይችላል፤ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉበት ጠርዝ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ይሞርደዋል፣ አንተ ዛሬ እንዳትነካው።

ባለ ካፖ፦ ዘፈኑ በምን ቁልፍ (መነሻ ድምፅ) እንደሆነ አልነገርከንም። ሲ ከሆነ ካፖውን (ክሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ) አምስተኛ ፍሬት ላይ አድርግና በጂ ቅርጾች ተጫወት። ጂ ስትይዝ ሲ፣ ሲ ስትይዝ ኤፍ፣ ዲ ስትይዝ ጂ፣ ኢ ማይነር ስትይዝ ኤ ማይነር ይሰማል።

የድሮ ተጫዋች፦ ካፖ ማምለጫ ነው።

ባለ ካፖ፦ ይሁን፣ ነገ ማታ ግን ዘፈኑ አይጠብቀውም።

ቀጭኗ ክር፦ ካፖ ከሌለህ ኤፍን በአራት ክር ብቻ ምታ። አመልካች ጣት አንደኛዋንና ሁለተኛዋን አንደኛ ፍሬት ላይ፣ መሃል ጣት ሦስተኛዋን ሁለተኛ ፍሬት ላይ፣ የቀለበት ጣት አራተኛዋን ሦስተኛ ፍሬት ላይ። ወፍራሞቹን ሁለቱን አትንካ። አውራ ጣትህ አርፎም የሚያምህ ከሆነ ዛሬ በቃ በለው።

ስድስት ክር፦ ወንድሜ፣ አምስተኛ ፍሬት ላይ ሞከርከው?