ፔታሎቹ (የአበባው ቅጠሎች) ደርቀውም አልረግፍ አሉኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የዕፅዋት ጄኔቲክስ የምታውቁ አንድ ነገር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። የምሠራው አራቢዶፕሲስ በተባለችው፣ ለምርምር በምታገለግል ትንሽ ተክል ላይ ነው። ጤነኛው ተክል ዘር ከያዘ በኋላ ፔታሎቹን ያራግፋል። አንዱ ሚውታንቴ (ጂኑ የተለወጠ ተክሌ) ግን ፍሬው ረዝሞም የጠወለጉት ፔታሎች ከሥሩ ተጣብቀው ቀርተዋል። በወረንጦ ስስባቸው እንኳ በቀላሉ አይለቁም።

እስካሁን የገባኝ ይህ ነው። አይዲኤ የሚባለው ጂን ትንሽ ፔፕታይድ (መልእክት የሚያደርስ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ይሠራል። ሄይሳ እና ኤችኤስኤል2 የተባሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች መልእክቱን ይቀበላሉ። ከዚያ ሴሎቹን ያጣበቀውን የሚያላሉ ኢንዛይሞች ይመጣሉ። አይዲኤ ከተበላሸ፣ ወይም ሁለቱ ተቀባዮች አብረው ከጠፉ፣ ፔታሉ አይረግፍም። ኤቲሊን የተባለው የዕፅዋት ሆርሞን ተቀባይ የሆነው ኢቲአር1፣ ተክሉ ኤቲሊንን እንዳይሰማ በሚያደርግ መንገድ ሲለወጥ ግን መርገፉ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ ኤቲሊንን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ቢኦፒ1 እና ቢኦፒ2 የተባሉት ጂኖች አብረው ሲጠፉም ፔታሉ አይረግፍም። እዚያ ግን መገንጠያው ቦታ፣ ማለትም ፔታሉ ከአበባው የሚለቅበት የሴሎች ክፍል፣ ራሱ አልተሠራም። የእነሱ ሚውታንት የቅጠል እጀታው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ያበቅላል፤ የኔ ቅጠሎች ደህና ናቸው። ችግሩ የቢኦፒ አይደለም ለማለት ይህ ብቻውን ይበቃል? ወይስ መገንጠያውን ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ልየው? ከሆነ፣ አበባው በየትኛው ዕድሜ ላይ ሲሆን ይሻላል? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በጣም አመሰግናለሁ።