ነዳጅ ለመቆጠብ አነዳዴ ላይ ምን ልቀይር? ቁልቁለት ላይ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ማድረግስ ያዋጣል?

መንገደኛው፦
ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። መኪናዬ ቤንዚን ናት፣ 1.5 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ፣ ኢንጀክተር ነው ያላት ካርቡሬተር አይደለችም። ነዳጅ በዛባት ብዬ መካኒክ ጋ ወሰድኳት፣ ካንዴላውም ፊልትሮውም ታየ፣ ኮምፒውተርም ተሰካባት፣ ምንም የለባትም አነዳድህን እይ ብሎ ሸኘኝ። እሺ ልይ፣ ግን ምኑን? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚነግረኝ። አንዱ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ቀይር ይላል፣ ሌላው የለም ሞተሩ ይጨነቃል በደንብ አስጩኸህ ቀይር ይላል፣ ሶስተኛው ደግሞ ቁልቁለት ባገኘህ ቁጥር ፎሌ አድርገህ ልቀቃት ጠብታ አትነካም ብሎ ይምላል። ኤሲ ዝጋ መስኮት ክፈት፣ ጠዋት ሞተር አሙቅ አታሙቅ፣ በቃ ዞረብኝ። ታንከር ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽና ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት ምናምን እንዳትነግሩኝ፣ እሱን ሰምቼ ጠግቤያለሁ። እግሬና እጄ ላይ ምን ብለውጥ ነው ልዩነት የማየው?

ቀስ በል፦
ወንድሜ ከማርሹም ከኤሲውም በፊት ፍሬንህን ስንቴ እንደምትረግጥ ተመልከት፣ ዋናው እዛ ጋ ነው። ሰው ነዳጅ መስጫው ላይ ብቻ ነው የሚያየው፣ ግን የከፈልክበት ነዳጅ የሚጣለው ፍሬን ስትይዝ ነው። መኪናዋን ለማስነሳት ያቃጠልከው ነዳጅ ጉልበቱ እንቅስቃሴዋ ውስጥ አለ፣ ፍሬን ስትይዝ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ በፍሬን ሸራው በኩል ለንፋስ ይሄዳል፣ ከዛ ለመነሳት እንደገና ታቃጥላለህ።

በቁጥር ልንገርህ። 1300 ኪሎ የምትመዝን መኪና በ60 ስትሄድ የያዘችው ጉልበት 180 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 32 ሜጋ ጁል አለ፣ ግን የቤንዚን ሞተር ከተማ ውስጥ ከዛ ወደ ስራ የሚቀይረው ሩቡን ቢሆን ነው፣ ሌላው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። ስለዚህ ከ60 ሙሉ በሙሉ በቆምክ ቁጥር ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ወረወርክ ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በቀን ሃምሳ ጊዜ እንደዛ የሚቆም ሰው ከአንድ ሊትር በላይ ለፍሬን ሸራ ገበረ።

መፍትሄው ቀርፋፋ መሆን አይደለም፣ አርቆ ማየት ነው። ከፊትህ ያለችውን መኪና ብቻ ሳይሆን ከሷ ፊት ያሉትን ሁለት ሶስት መኪኖች እያቸው። መብራቱ ቀይ መሆኑን ከሩቅ ካየህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንሳና ማርሽ ላይ እንዳለች ትንከባለል፣ ስትደርስ አረንጓዴ ከሆነ ሳትቆም ታልፋለህ። በ30 እየተንከባለልክ ብትደርስ እንኳን ከ60ው ጉልበት ሩቡ እጅህ ላይ ነው፣ ከዜሮ ከመነሳት ይሻላል። እዚህ ጋ ከኋላ ያለው ሰውዬ ክላክስ ሊያስጮህ ይችላል፣ እሱ ቀዩ መብራት ጋ ቶሎ ደርሶ ለመቆም ለምን እንደሚቸኩል እስካሁን አልገባኝም። ከፊትህ ካለው መኪና ጋርም ክፍተት ያዝ፣ ተጠግተህ ስትነዳ እሱ ፍሬን በነካ ቁጥር አንተም ትነካለህ።

ስትነሳ ደግሞ እንደ ኤሊ መሆን አያስፈልግም። በመጠኑ ጠንከር አድርገህ ትነሳና ማርሹን ቶሎ ትጨምራለህ፣ የምትፈልገው ፍጥነት ላይ ስትደርስ እግርህን ታቀልላለህ። በጣም ተለሳልሼ ልነሳ ብለህ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ረጅም መንገድ ብትሄድ ምንም አታተርፍም።

አምስተኛ ማርሽ፦
የማርሹን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ቤንዚን ከሆነች ሜዳ ላይ ከ2000 እስከ 2500 አርፒኤም (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) መሃል ቀይር፣ ናፍጣ ከሆነ ከዛም ዝቅ ይላል። ምክንያቱም ቤንዚን ሞተር ዝቅ ባለ ማርሽ ሲጮህ የአየር ማስገቢያው ክዳን ጠበብ እንዳለ ነው፣ ሞተሩ በጠባቧ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል፣ የውስጥ ሰበቃውም በዙር ብዛት ይጨምራል። ከፍ ባለ ማርሽ በትንሽ ዙር ስትሄድ ክዳኑ ሰፋ ይላል ብክነቱም ይቀንሳል። ግን ሞተሩ ይጨነቃል ያለህ ሰውዬም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ዳገት ላይ በ1200 አርፒኤም አምስተኛ አስገብተህ ነዳጅ ብትረግጥ መኪናዋ ትንዘፈዘፋለች፣ እሱ ለሞተርም ለካምቢዮም (ለማርሽ ሳጥኑ) ጥሩ አይደለም። ስትንቀጠቀጥ ማርሽ ቀንስ፣ በቃ።

የድሮ ሰው፦
እኔ ደግሞ የምላችሁ ቁልቁለት ላይ ፎሌ የማያደርግ ሰው ነዳጅ ስለመቆጠብ ባያወራ ይሻላል። መኪና ራሷ በክብደቷ እየወረደች ሞተሩን በከፍተኛ ዙር ማስጮህ ምን ይሉታል? ፎሌ ስታደርጋት እኮ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትሰጣት በምትዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ነው የምትሆነው፣ ዙሩ 700 ወይ 800 ነው፣ ማርሽ ላይ ስትሆን ግን 2500። የቱ ነው ብዙ የሚበላው? ይሄ ሂሳብ ነው እንግዲህ።

ሞተር ፈቺ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያሉት ለካርቡሬተር መኪና ነው የሚሰራው፣ የጠያቂው ኢንጀክተር ናት። ካርቡሬተር ላይ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ በሚሳበው አየር ነዳጁም ይሳባል፣ ስለዚህ ፎሌ የሚለው ልማድ ከዛ ዘመን የመጣ ነው፣ ምክንያትም ነበረው።

ኢንጀክተር ላይ ግን ነዳጅ የሚረጨው ኮምፒውተሩ ሲያዝ ብቻ ነው። ማርሽ ላይ ሆነው እግርዎን ሙሉ በሙሉ ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ያያል፣ ፔዳሉ አልተነካም፣ ዙሩ ደግሞ ከሚኒሞ በላይ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩን ጎማው እያዞረው ነው ነዳጅ አያስፈልገውም ብሎ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋቸዋል። ቀነሰ ማለት አይደለም፣ ዜሮ ነው። 2500 ቢጮህም የሚገባው አየር ብቻ ነው። ዙሩ ወርዶ ወርዶ ከ1500 እስከ 1000 መሃል ሲደርስ፣ እንደ መኪናው ይለያያል፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ መርጨት ይጀምራል። ፎሌ ሲያደርጉ ግን ሞተሩን የሚያዞረው ጎማ የለም፣ ራሱን ለማቆየት የግድ ነዳጅ ያቃጥላል። እና ሂሳቡ ተገለበጠ ማለት ነው፣ 2500 ላይ ዜሮ፣ 800 ላይ ደግሞ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ። አፍታዊ ፍጆታ የሚያሳይ ዳሽቦርድ ያላት መኪና ካገኙ ቁልቁለት ላይ ይሞክሯት፣ ቁጥሩ ራሱ ይነግርዎታል።

የነዳጁ ይቅርና ረጅም ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማለት የመኪናዋን ክብደት በሙሉ ፍሬን ላይ መጫን ነው፣ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሞተር የሚያጠፉም አሉ ቁልቁለት ላይ! ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ሰርቮ (የእግርዎን ጉልበት የሚያግዘው) የሚሰራበት ቫክዩም ሁለት ሶስቴ ሲረግጡ ያልቅና ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉን አጥብቀው ካዞሩት ጭራሽ መሪው ይቆለፋል። ለዛች ለጥቂት ነዳጅ ብሎ እዚህ ውስጥ መግባት አይገባኝም።

የድሮ ሰው፦
እሺ ገባኝ፣ ግን አንድ ነገር አልመለስክልኝም። ቁልቁለቷ ትንሽ ከሆነችስ? ማርሽ ላይ ሆኜ እግሬን ሳነሳ ሞተሩ ይይዛትና ፍጥነቷ ይወርዳል፣ መልሼ ነዳጅ መስጠት አለብኝ። በፎሌ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች።

ሞተር ፈቺ፦
እሷ ላይ ትክክል ነዎት ጋሼ፣ አልክድም። ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ፎሌ ራቅ አድርጎ ይወስዳል፣ በነዳጅ ብቻ ከታየ ሊያተርፍም ይችላል። እኔ ግን እዛም ከፍ ያለ ማርሽ ላይ ሆኜ እግሬን ለነዳጅ መስጫው ጫፉን ብቻ አስነካዋለሁ፣ ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ድንገት ልጅ ቢገባብኝ ወይ ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ ማርሽ ላይ ነኝ። መቆም ወይ ፍጥነት መቀነስ ያለብዎት ቦታ ሁሉ ግን ክርክር የለውም፣ ማርሽ ላይ።

ንፋስ ተቃዋሚ፦
ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚነዳ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፍጥነት ነው ማንም አላነሳውም እንዴ። የአየር ግፊት የሚጨምረው ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ90 ወደ 120 ስትወጣ ፍጥነትህ በሲሶ ነው የጨመረው፣ የንፋሱ ግፊት ግን 78 በመቶ። 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በ120 ብትሄድ ከ90ው የምታተርፈው 17 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለዛ ነው ያን ሁሉ የምታቃጥለው። እ.ኤ.አ. በ1974 የነዳጅ እጥረት ጊዜ አሜሪካኖቹ በአገር ደረጃ የፍጥነት ጣሪያውን ወደ 55 ማይል፣ በኪሎ ሜትር ወደ 88፣ ያወረዱት በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሾፌሩ ሁሉ እያጉረመረመ እስከ 1995 ድረስ ቆየ።

ኤሲውንም እዚሁ ልጨርሰው። በቀርፋፋ መንገድ መስኮት ክፈት፣ ከ80 በላይ ስትሄድ መስኮት ዝጋና ኤሲ ክፈት፣ መስኮቱ ንፋስ ይይዛል። ጣራ ላይ ባዶ ፖርቶመጋላ ካለም አውርደው፣ ባዶም ሆኖ ንፋስ ይጎትታል። ከትላልቅ መኪና ጀርባ ተለጥፎ ንፋስ ማምለጥ የሚሉት ነገር አለ፣ እውነት ነው ይቆጥባል፣ ግን ፍሬን ቢይዝ ስሩ ነህ፣ አታስበው።

መንገደኛው፦
እናንተ ሰዎች ተባረኩ፣ የፍሬኑን ነገር ጭራሽ አስቤው አላውቅም ነበር። ጠዋት ማሞቁስ? እኔ የሙቀት መለኪያው እስኪነሳ ድረስ ቆሜ ነው የምጠብቀው። ደግሞ ለውጥ መምጣቱን በምን ነው የማውቀው፣ የነዳጅ ጌጁ እኮ እንደ ስሜቱ ነው የሚሄደው።

ቀስ በል፦
ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው፣ ዘይቱ እስኪሰራጭ፣ ከዛ በለስላሳ እግር ንዳ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ ነዳጅ አብዝቶ ነው የሚረጨው፣ ቆመህ ስታሞቀው ደግሞ ሞተሩ ስራ ስለሌለው የሚሞቀው በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ስለዚህ ያ አብዝቶ የሚረጭበት ጊዜ ይረዝማል። እየነዳህ ቶሎ ይሞቃል። መኪናዋ ከሞቀች በኋላ ያሉህን ጉዳዮች ባንድ ዙር ጨርሳቸው፣ በየመሃሉ ቆማ እየቀዘቀዘች አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ ሰው ምንም ቢጠነቀቅ ፍጆታው ከፍ ይላል። ሰው ስትጠብቅ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከመሰለህ አጥፋት።

ለመለካት ጌጁን እርሳው። ታንከሩን ሙላ፣ ማስገቢያው ራሱ ቀጭ ብሎ ሲያቆም በቃ በል አታስጨምር፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርግ። ግማሹን ከጨረስክ በኋላ እንደገና በዛው አይነት ሙላ፣ አሁን የገባው ሊትር ነው የበላችው። 420 ኪሎ ሜትር ሄደህ 34 ሊትር ከገባ፣ 34 ሲባዛ በ100 ሲካፈል ለ420፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 8.1 ሊትር ማለት ነው። በአንድ ሙሊት እንዳትፈርድ፣ የመንገዱ ሁኔታ ያዛባዋል፣ ሶስት አራቱን አማካይ ያዝ።

አምስተኛ ማርሽ፦
ከመለካትህ በፊት ጎማህን አስነፋ አለዚያ ሂሳቡ አይገጥምልህም። የንፋሱ ልክ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው እሱን አትከተል። ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ነው የሚለካው። 10 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ቢጎድል በአይን ላትለየው ትችላለህ፣ ግን ነዳጁን ወደ 2 በመቶ ይጨምራል፣ ጎማውም ጠርዝ ጠርዙን ይበላል።

ሚሚ፦
ይቅርታ ርእሱን ላጠምዘው ነው፣ የኔ ኦቶማቲክ ናት፣ ማርሽ የመቀየሩ ነገር እኔን አይመለከተኝም ማለት ነው? ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ኦዲ ኦፍ የሚል ቢጫ መብራት ሁሌ ይበራል፣ ከገዛኋት ጀምሮ እንደዛው ናት።

ሞተር ፈቺ፦
እህቴ ነዳጅሽ በዛ የሚሄድ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሷ መብራት ልትሆን ትችላለች። ማርሹ እጀታ ጎን ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ስትጫኛት ኦቨርድራይቩን ትዘጋዋለች፣ ማለትም ካምቢዮው የመጨረሻው ማርሽ ውስጥ እንዳይገባ ይከለከላል፣ መብራቱም የሚለው እሱን ነው። ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ በከንቱ ከፍ ባለ ዙር ሲጮህ ይውላል። አንዴ ተጫኛት መብራቱ ይጠፋል፣ ሜዳ ላይ እንደዛው ተያት። ከባድ ዳገት ላይ ማርሹ ወደላይ ወደታች ሲዋዥቅብሽ ወይ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዝልሽ ስትፈልጊ ብቻ መልሰሽ ትዘጊዋለሽ። ኦቶማቲክም ብትሆን ማርሹ እግርሽን ነው የሚሰማው፣ ስትነሺ ፍጥነቱን ካገኘሽ በኋላ እግርሽን ትንሽ ስታቀልዪለት ወዲያው ከፍ ወዳለው ይቀይራል።

ሚሚ፦
አሁን ሄጄ ተጫንኳት ጠፋ። ግን የጓደኛዬ ላይ ይሄው መብራት ብልጭ ድርግም ነው የሚለው፣ እሷም ትጫነው?

ሞተር ፈቺ፦
ብልጭ ድርግም ከሆነ ቁልፉ አይደለም፣ ብዙ መኪና ላይ ካምቢዮው ውስጥ ችግር መዝግቤያለሁ ማለቱ ነው። ኮምፒውተር አሰክታ ኮዱን ታስነብበው፣ የካምቢዮ ዘይቱንም አብረው ይዩላት።