ኩዊንስታውንን ለጎንደር ተማሪዎች እንዴት ላስተምር? (አየርላንድ፣ 1901–1912 እ.ኤ.አ.)

መምህር ዘአዘዞ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለ11ኛ ክፍል የታሪክ ክበብ ስለ አየርላንዷ የወደብ ከተማ ኩዊንስታውን የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። ዘመኑ ከንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ንግሥና እስከ ታይታኒክ ነው። ተማሪዎቹ የሚያውቁት ውሃ ጣና ነው። ከተማዋን በዛሬው ካርታ ላይ አጣኋት፤ ምን ሆነች? መርከቦቹ ከባሕር ላይ ቆሙ ሲባል ሰው እንዴት ተሳፈረ? የ1911ን የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ለክፍል ሥራ ብሰጥስ ልጆቹ የሚሳሳቱት ምኑ ላይ ነው?

የወደብ ታሪክ ወዳጅ
መምህር፣ ከተማዋ አልጠፋችም፤ ስሟ ነው የተለወጠው። ጥንት ኮቭ ነበረች። በ1849 ንግሥት ቪክቶሪያ ስትጎበኛት ኩዊንስታውን ተባለች፣ በ1920 ደግሞ ወደ ኮቭ ተመለሰች፤ አጻጻፉ ግን በአይሪሽ ቋንቋ ሆነ። ስለዚህ የዘመኑን ሰነድ በኩዊንስታውን፣ የዛሬውን ካርታ በኮቭ ይፈልጉ።

ስለ መሳፈሩ፦ ጎርጎራ ላይ ጀልባ መጥቶ ዳር እንደሚታሰረው አድርገው እንዳይስሉላቸው። ግዙፎቹ መርከቦች ከወደቡ አፍ ውጭ፣ ሮችስ ፖይንት አጠገብ መልሕቅ ይጥላሉ። ተሳፋሪውን፣ ሻንጣውንና ፖስታውን ከከተማው የሚያመጡት አመላላሽ የእንፋሎት ጀልባዎች ናቸው። ታይታኒክ ሚያዝያ 3 ቀን 1904 ዓ.ም. (በእነሱ ኤፕሪል 11 ቀን 1912) ሲደርስ የመጡት ሁለቱ አመላላሾች «አየርላንድ» እና «አሜሪካ» ይባሉ ነበር፤ በግራና በቀኝ ጎናቸው ውሃውን የሚቀዝፍ ትልቅ ጎማ ነበራቸው። 123 ሰው ተሳፈረ፤ ከነዚህ 113ቱ የሦስተኛ ማዕረግ ናቸው። ሰባት ተሳፋሪዎች ወረዱ። ዳንቴል የሚሸጡ ሴቶችም ሳይቀሩ መርከቡ ላይ ወጥተው ገበያ ዘርግተዋል።

ውጭ የሚቆሙት ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ይህን ያህል ርዝመት ያለው መርከብ በጠባቡ አፍ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ይውጣ ቢባል ሰዓታት ይበላል፤ ውድድሩ ደግሞ ፖስታ ፈጥኖ ኒውዮርክ ማድረስ ነበር። የለንደን ደብዳቤ በባቡር ሆሊሄድ (የዌልስ ወደብ)፣ በመርከብ ኪንግስታውን (ደብሊን አጠገብ ያለ ወደብ)፣ ከዚያ በባቡር ኩዊንስታውን ይገባል። መርከቡ ከእንግሊዝ ከተነሳ በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ እንኳ በዚህ መንገድ ይደርስበታል። ለተማሪዎቹ ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢያስይዟቸው ይበቃል፤ የከተማው አልጋ አከራይ፣ ተሸካሚና ጀልባ ነጂ የሚተዳደረው በዚህ ቅብብሎሽ ነበርና።

ሰዓት ቆጣሪ
በጣም ጥሩ መልስ ነው። እኔ ሰዓቱን ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። እስከ 1916 ድረስ የአየርላንድ ሰዓት ከለንደን በ25 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ለንደን እኩለ ቀን ሲሆን ኩዊንስታውን ገና ለእኩለ ቀን 25 ደቂቃ ይቀረዋል። የባቡርና የመርከብ ሰዓት ሲያወዳድሩ ሰነዱ በየትኛው ሰዓት እንደተጻፈ አስቀድመው ይዩ። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱት ደግሞ 6 ሰዓት ብቻ ይቀንሱ፦ ታይታኒክ ከጠዋቱ 5:30 ገደማ መልሕቅ ጥሎ ከቀኑ 7:30 ገደማ ተነሳ። የአዲስ አበባን የሰዓት ልዩነት እዚህ ላይ አይደርቡበት።

ፎቶ ካሳዩ፣ የቅዱስ ኮልማን ካቴድራልን ጫፍ ይመልከቱ። ግንባታው በ1868 ቢጀመርም ሾጣጣው ማማ ያለቀው በ1915 ነው። ማማው ሙሉ የሆነበት ፎቶ «የኤድዋርድ ዘመን» ተብሎ ከተለጠፈ ልጥፉ ስሕተት ነው።

ወለተ ማርያም
መምህር፣ ቆጠራውን ለእኔ ይተዉልኝ። የ1901 እና የ1911 ቅጾች በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። ቅጽ ኤ የቤተሰቡን ሰዎች ይዘረዝራል፤ ቅጽ ቢ1 ቤቱን ይመዝናል። ለክፍል ሥራ የሚጥመው ሁለተኛው ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጡብ ወይም ኮንክሪት ከሆነ 1፣ ጭቃ ወይም እንጨት ከሆነ 0። ጣሪያው ስሌት (በስሱ የተሰነጠቀ ጠፍጣፋ ድንጋይ)፣ ብረት ወይም ሸክላ ከሆነ 1፣ ሣር ከሆነ 0። ለክፍሎቹ ብዛት ነጥብ አለ፤ ባለ 5 ወይም 6 ክፍል ቤት 3 ያገኛል። በፊት ለፊት ያሉት መስኮቶች እንዳሉ ይቆጠራሉ። የድንጋይ ግድግዳ፣ የስሌት ጣሪያ፣ 5 ክፍል፣ 3 መስኮት ሲደመር 8 ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ቤት ማለት ነው። ልጆቹ የየራሳቸውን ቤት በዚያው ሚዛን ይለኩት፤ ቶሎ ይገባቸዋል።

ሁለት ወጥመድ አለ። ቆጠራው የሚመዘግበው በተመደበችው የቆጠራ እሑድ ሌሊት እዚያ ቤት ያደረውን ሁሉ ስለሆነ፣ አልጋ ቤት ውስጥ ያለው ረጅም ዝርዝር መርከብ ጠባቂ መንገደኛም ሊሆን ይችላል፤ «ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለው ዝምድና» የሚለውን ዓምድ ሳያዩ ቤተሰብ ብለው አይቁጠሩ። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። በ1901 ላይ 55 ዓመት ያለ ሰው በ1911 ላይ 70 ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ። በ1909 መጀመሪያ ለ70 ዓመት አረጋውያን የጡረታ ክፍያ ተጀመረ፤ የልደት ምዝገባ ደግሞ ለሁሉም አስገዳጅ የሆነው ከ1864 ጀምሮ ስለሆነ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የሚያሳይ ወረቀት አልነበራቸውም።

መምህር ዘአዘዞ
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በአመላላሾቹ፣ ሁለተኛውን በቅጽ ቢ1 አደርገዋለሁ። ወለተ ማርያም፣ መስኮቱ ከጎንና ከኋላም ይቆጠራል?

ወለተ ማርያም
አይቆጠርም፤ የፊት ለፊቱ ብቻ ነው።