የኤክስካቫተር ጥርስ ጆ ክሬሸር ውስጥ ተቀርቅሮብናል፤ እንዴት እናውጣው?

ጠያቂ፦ የፈረቃ ኃላፊ፣ አቃቂ

ሰላም ለቤቱ። ከአቃቂ ወጣ ብሎ ያለ ካባ ላይ ነው የምሠራው። ጥቁር ድንጋይ ፈጭተን የኮንክሪት ጠጠር እናወጣለን። ዛሬ ከሰዓት ጆ ክሬሸሩ፣ ድንጋዩን በሁለት መንጋጋ መሀል ጨምቆ የሚሰብረው ማሽን፣ ሲሠራ ቆይቶ በአንዴ ቀጥ አለ። ቺንጋዎቹ ጮኹ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን፣ ሞተሩ ራሱን አጠፋ። ድንጋዩን ከላይ ስናነሳ የኤክስካቫተር ባኬት ጥርስ በሁለቱ መንጋጋ መሀል ተቀርቅሮ አገኘን። ጎኑ ተፍቆ እንደ መስታወት ያበራል። በድጅኖም በማርቴሎም ሞክረን ንቅንቅ አላለም።

ባለቤቱ ነገ ጠዋት ጠጠር የሚጭን ደንበኛ ስላለው “አሁኑኑ በኦክስጅን ቆርጣችሁ አውጡት” ይላል። እኔ ልጆቹን እዚያ ውስጥ ማስገባት ፈራሁ።

ሌላም አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት የሆነ ቁራጭ ብረት፣ ቤልቱ ላይ ብረት እንዲለቅም በሰቀልነው ማግኔት ስር አልፎ ኮን ክሬሸሩን (ከጆው ቀጥሎ ድንጋዩን ይበልጥ የሚያደቅቀውን ማሽን) ጎድቶብናል። ማግኔቱ ግን ይሠራል። መፍቻ ስናስጠጋለት ይነጥቀናል። ታዲያ ያንን ለምን አሳለፈው?

የካባ ሰው፣ ሱሉልታ

ወንድሜ፣ መፍራትህ ልክ ነው። መጀመሪያ ማርቴሎውን አስቀምጡ። የባኬት ጥርስ የጠነከረ ብረት ነው፤ ሲመታ የሚፈናጠረው ዓይን ያጠፋል።

ሞተሩ ቆመ ማለት ማሽኑ አረፈ ማለት አይደለም። ፍላይዊሉ፣ ማለትም ከጎን የሚዞረው ከባድ ጎማ፣ በነበረው ጉልበት ጥርሱን ጨምቆ ነው የቆመው። ያ ጉልበት አሁንም እዚያው ታፍኖ አለ። ጥርሱ ሲለቅ እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው። በዚህ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ማንም መንጋጋው አፍ ላይ አይጎንበስ፣ ውስጥም አይግባ።

ዋናውን ማብሪያ አጥፉና በቁልፍ ቆልፉት። ቁልፉ የሚሠራው ሰው ኪስ ይግባ። እኛ ጋ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ በጄነሬተርም የሚያስነሳ አለ። ሁለቱም መንገድ ይዘጋ። ፍላይዊሉንም እንዳይዞር ደግፉት።

ከዚያ ጥርሱን በሽቦ ገመድ እሰሩት፣ ሲለቅ ታች ቤልቱ ላይ እንዳይወድቅ። ገመዱን በረጅም ዘንግ ከጎን አሻግሩት። ቀጥሎ የታችኛውን ክፍተት አስፉ። ተንቀሳቃሹን መንጋጋ ከኋላ ደግፎ የያዘው ብረት ቶግል ይባላል፤ ከቶግሉ መቀመጫ ጀርባ የተደረደሩ ላሜራዎች አሉ። በማሽኑ ክሪክ ገፋ አድርጋችሁ አንድ አንድ እያላችሁ አውጡ። የመሳቢያ ዘንጉን ሞላ ላላ አድርጉት እንጂ ጨርሳችሁ አትፍቱት። እሱ ነው ቶግሉን የያዘው፤ ከተፈታ ቶግሉ ይወድቃል። ክፍተቱ ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ጥርሱ በራሱ ይለቃል። የማሽኑ መመሪያ ካለ ደግሞ እሱን አስቀድሙ።

ብየዳ ቤት፣ ቃሊቲ

እኔ የመቁረጥ ሥራ እንጀራዬ ነው፤ ግን ይሄኛውን የመጨረሻ አድርጉት። የተወጠረ ብረት ሲቆረጥ ግማሹ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። የመንጋጋው ልባስ፣ ማለትም ድንጋዩን የሚነካው ተቀያሪ ሽፋን፣ ማንጋኒዝ ብረት ነው። ከ260 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ይሰባበራል፤ ጥርሱን አወጣለሁ ስትል ልባሱን ታበላሻለህ። ስሩ ግሪስ አለ፣ ከታች የጎማ ቤልት አለ። እሳት ከተነሳ ጥርሱን ትረሱታላችሁ። የግድ ከሆነ ቤልቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ፣ ውሃ ይዞ የሚቆም ሰው ይኑር፣ ቆራጩ ከጎን ሆኖ በረጅም ቶርች ይሥራ።

መካኒካል መሐንዲስ፣ ለገጣፎ

ስለ ማግኔቱ እኔ ልመልስ፣ ወንድሜ። ያ ቁራጭ አሁንም ካለህ ከአሮጌ ስፒከር ማግኔት አውጣና አስጠጋው። ካልሳበው ማንጋኒዝ ብረት ነው። ይህን ብረት እንግሊዛዊው ሮበርት ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 ነው የሠራው። ከ11 እስከ 14 በመቶ ማንጋኒዝ አለው። በተመታ ቁጥር ፊቱ ይጠነክራል፤ ለክሬሸር ልባስ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ማግኔት ግን አይስበውም። ምናልባት የራሳችሁ ጆ ክሬሸር ልባስ ተሸርፎ ነው ኮኑን የጎዳው። ለዚህ መፍትሔው ከኮኑ በፊት ቤልቱን የሚያቆም የብረት ጠቋሚ መሣሪያ ነው። የማግኔቱን ከፍታም እዩት። ጠጠሩ ቤልቱ ላይ በወፍራሙ ከመጣ ከታች የተቀበረ ፌሮ ያመልጣል።

ኮኑ ሃይድሮሊክ ከሆነ ብረት ሲገባ ከፈት ብሎ ማሳለፍ ነበረበት። ይህን የሚያደርገው በሃይድሮሊኩ ውስጥ የታመቀው ናይትሮጅን ጋዝ ነውና ግፊቱን አስለኩ።

አደራ የምለው ነገር አለኝ። ቶግሉ ከተሰበረ በወፍራም ላሜራ በይዳችሁ አትተኩት። የተሠራው እሱ ተሰብሮ ፍሬሙንና መንጋጋውን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ዘንግ እንዲያተርፍ ነው። የማይሰበር ቶግል ስታስገቡ ዋናው ዘንግ በእሱ ፈንታ ይሰበራል።

የኤክስካቫተር ኦፕሬተር፣ ቱሉ ዲምቱ

ጥርስ በአንዴ አይወልቅም። ቀድሞ ፒኑ ይላላል፣ ጥርሱ ይወዛወዛል። እኔ መኪና ሞልቼ ባኬቱን ባነሳሁ ቁጥር ጥርሶቹን እቆጥራለሁ። አንድ ከጎደለ ፊደሩ (ድንጋዩን ወደ ክሬሸሩ የሚመግበው) ላይ ላለው ልጅ በሬዲዮ እነግራለሁ፣ ክሬሸሩ ይቆማል፣ የተጫነው ድንጋይ ሜዳ ላይ ይገለበጣል። ኦፕሬተራችሁ ጥርስ መጉደሉን ሲናገር እንዳትቆጡት። ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል።

የፈረቃ ኃላፊ፣ አቃቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለባለቤቱ መልሶቻችሁን አነበብኩለትና ደንበኛውን ለከሰዓት አዘገየው። ዛሬ ጠዋት ቆላልፈን፣ ጥርሱን አስረን፣ ላሜራ ማውጣት ጀመርን። ሦስተኛውን ስናወጣ ጓ ብሎ ለቀቀና ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ያኔ እዚያ አፍ ላይ ማንም አልነበረም።

የኮኑን ቁራጭ በስፒከር ማግኔት ሞከርነው፤ ጭራሽ አልሳበውም። ወዲያው በባትሪ ወደ መንጋጋው ልባስ አበራን። የታችኛው ማዕዘን ጎድሏል፤ ቁራጩን አስጠግተን ስናየው ልክክ አለ። ቀሪው ማዕዘንም ስንጥቅ ይታይበታል። ሳይቀየር አናስነሳም።